ጋሽ ደበሌ እንዳይሞቱ

ባለፈው ቅዳሜ ከጓሮዬ የዱባ ሐረግ ስቆርጥ አንድ ቅጠል እጄ ውስጥ ተጨፈለቀ። ሽታው ሲደርሰኝ ቢላዋውን አስቀምጬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ ልጄ።

«ምንም። ሰሌዳ ሸተተኝ።»

አልገባትም። የእሷ ክፍል ሰሌዳ ነጭ ነው፤ በማርከር ይጻፍበታል። የእኛ ጥቁር ነበር፤ የሚያጠቁረውም የሳምንቱ ተረኛ ነው። ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችን ሰብረን፣ ውስጣቸው ያለውን ጥቁር ዱቄት ከዱባ ቅጠል ጋር ወቅጠን በጨርቅ እንቀባው ነበር። በዚያን ቀን እጃችን እስከ ክንዳችን ይጠቁራል፤ ክፍሉም ዱባ ዱባ ይሸታል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ አይታገሥም። ሰሌዳው ሳይደርቅ በመስኮት ይገባና አቧራውን ይለጥፍበታል።

አምስተኛ ክፍል ነበርኩ። በዚያ ዓመት እግዚአብሔር ሁለት ሰዎች ሰጠኝ። አንዷ የአማርኛ አስተማሪያችን ቲቸር ዘሃራ ናቸው። ሌላው የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ደበሌ ናቸው። ስለ ሁለቱ ሳስብ ምስጋናው ይቀድመኛል፤ ታሪኩ ከኋላ ይመጣል።

ቲቸር ዘሃራ ከአቦምሳ የመጡ፣ ቀጭን፣ ሻርፓቸውን ከአገጫቸው ሥር በመርፌ ቁልፍ የሚያያይዙ ሴት ነበሩ። የመጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ፊት ቆመው፣ «እኔ አፌን የፈታሁት በኦሮምኛ ነው» አሉን። «አማርኛን ያወቅሁት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ አንድ አንድ ቃል እየጠየቅሁ ነው። ስለዚህ ሳነብ ቀስ እላለሁ። እናንተም ከእኔ ጋር ቀስ ትላላችሁ።»

ከኋላ የሚቀመጠው ሮቤል፣ «ቲቸር፣ እኛ እኮ ፈጣኖች ነን» አለ።

«በጣም ጥሩ። እስቲ ይህን ገጽ በፍጥነት አንብብና ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ንገረኝ።»

ሮቤል ሳይተነፍስ አነበበው። ሲጠየቅ ግን የሰውየውን ስም እንኳ ከወረቀቱ ላይ ፈለገው።

ወረቀቱ በስቴንስል የተባዛ ነበር፤ ለሦስት ልጅ አንድ። መሃል ላይ አስቀምጠን ጣታችንን መስመሩ ላይ እናሳርፋለን። ቲቸር ያነባሉ፤ ድንገት ያቆማሉ። በዚያን ጊዜ ጣት መነሳት የለበትም። ከሰሌዳው ጥግ አራት ጥያቄዎች ተጽፈው ነበር። ሰሌዳው በተቀባ ቁጥር ቲቸር መልሰው ይጽፏቸዋል፦ ምን አለ? ምን አደረገ? ሌሎች ስለ እሱ ምን አሉ? ምን ይፈራል?

መልስ ስንሰጥ ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ቃል ነው፤ «ምስክር?»

የመጀመሪያው ታሪክ ስለ አንድ ድልድይ ጠባቂ ነበር። «ደፋር ነው» አለች አጠገቤ የምትቀመጠው ለሊሴ።

«ምስክር?»

«ጀግና ስለሆነ።»

«እሱ ስም ነው፣ ለሊሴ። ስም ማንም ይሰጣል። ሲያደርግ የታየውን አሳዪኝ። የትኛው መስመር ላይ ነው ጣትሽ?»

ለሊሴ ጣቷን ወደ ታች ወሰደች። ሰውየው ጎርፍ ሲመጣ ፋኖሱን ይዞ ድልድዩ ጫፍ ላይ የቆመበት መስመር ላይ ስትደርስ አቆመች። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ። በእሳቸው ዘንድ ከዚያ የበለጠ ሙገሳ አልነበረም።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ሁላችንም ባንድ ድምፅ፣ «ምንም አይፈራም» አልን።

«ምንም የማይፈራ ከሆነ ምኑን አሸነፈው ታዲያ?» አሉ። ደወሉ ሲደወል ጥያቄውን ይዘን ወጣን።

ያን ታሪክ በወደድኩት መጠን መጨረሻው ከበደኝ። ጠባቂውን ውሃ ወሰደው። ሁለተኛው ታሪክ የጎረቤት ልጆችን ከእሳት ስላወጣች ሴት ነበር፤ እሷም አልተረፈችም። ሦስተኛው ወረርሽኝ የገባበት መንደር የሄደ ነርስ ነው። የእሱን ወረቀት ስንቀበል መጀመሪያ ያየሁት የመጨረሻውን መስመር ነበር። እንደፈራሁት ሆነ።

እማዬ ከትምህርት ቤት በፊት ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ትወስደኝ ነበር። እዚያም የቅዱሳን ታሪክ ሲነበብ እሰማለሁ። ሥራቸው ይነገራል፣ መከራቸው ይነገራል፣ መጨረሻ ላይ ያርፋሉ። ሁለቱን ቦታ ሳጋጥም ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። አንድ ሰው ተመርምሮ ጀግና መሆኑ ከታወቀ ይሞታል። ማንም እንዲህ ብሎ አልነገረኝም። ግን ምስክር ነበረኝ።

ከፋሲካ በኋላ ቲቸር ወረቀት ሳይዙ መጡ።

«አሁን የምናነበው ሰው ነው» አሉ። «ከምታውቁት ሰው አንድ ጀግና ምረጡ። በሕይወት ያለ ይሁን። አራቱን ጥያቄ ጠይቁት፤ የማይመልሰውን ተመልክታችሁ ድረሱበት። ዓርብ ዓርብ ሰውየውን ክፍል ይዛችሁ ትመጡና በፊቱ ታስረዳላችሁ።»

መጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣችው እማዬ ናት። እንደ መጣች አባረርኳት። ቀጥሎ አባዬ መጣ፤ እሱንም አባረርኩት። ያን ቀን ከምሳ እስከ መለቀቂያ፣ ቢሞት ብዙ የማይጎዳኝ ሰው ስፈልግ ዋልኩ።

ያገኘሁት በሩ ላይ ነው። ጋሽ ደበሌ እንደ ልማዳቸው ሊያመልጡ የሚጋፉትን ልጆች፣ «ቀስ በሉ እንጂ። እኔ ዛሬ ነገ የምሞት ሰውዬ ነኝ፣ አታድክሙኝ» ይሏቸዋል። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ ይሉት ነበር። ራሳቸው ካሉት ምን ቸገረኝ አልኩ።

ጋሽ ደበሌን ሁላችንም እንፈራቸው ነበር። አሮጌ የወታደር ካፖርት ይለብሳሉ፤ በአንድ እግራቸው ያነክሳሉ፤ ረጅም የባሕር ዛፍ ዱላ አላቸው። ደወላችን ኒም ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነው፤ እሱን በብረት ሲመቱት ድምፁ ጥርስ ውስጥ ይገባል። ከደወሉ በኋላ በሩን ይዘጋሉ፤ ልመና አይሰሙም። መንገዱ ላይ ሲያሻግሩን ደግሞ ዱላውን ወደ እኛ እየነቀነቁ ይጮሃሉ። ጦር ሜዳ እንደቆሰሉ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ሮቤልማ ጥይቱ አሁንም እግራቸው ውስጥ እንዳለ፣ ጠጋ ብሎ ላዳመጠ እንደሚንኳኳ ይምል ነበር።

በእረፍት ሰዓት ሄድኩ። ኒሙ ሥር ተቀምጠው ጫማቸውን ያራግፋሉ።

«ጋሼ፣ ለትምህርት ነው። አራት ጥያቄ አለኝ።»

«ዘበኛም ይፈተናል እንዴ?»

«ጦር ሜዳ ምን አደረጉ?»

«ወጥ ሠራሁ።»

«ከዚያስ?»

«ድስት አጠብኩ። ወጥ ቤት ነበርኩ እኮ።»

«ጥይቱስ?»

«የምን ጥይት?»

«እግርዎ ውስጥ ያለው።»

እኔ ሳላውቅ ገባ እንዴ በሚል ዓይን እግራቸውን አዩት። ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ይሄ? ይሄማ እዚሁ ነው፤ ከበሩ ፊት። ልጅ ሳሻግር ተሳቢ ገጨኝ።»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ተሻገረ።»

እንዲህ ብለው ጫማቸውን ማራገፍ ቀጠሉ። የመጨረሻውን ጥያቄ ማንሳት ከበደኝ፤ ግን ሰሌዳው ላይ አለ። «ሞትን ይፈራሉ?»

ጫማቸውን ማራገፍ አቆሙ። «ማነው እንዲህ ብለሽ ጠይቂ ያለሽ?»

«የሚፈሩትን ነው የተባልኩት።»

«እኔ የምፈራው...» ወደ መንገዱ ተመለከቱ። «ሂጂ፣ ሂጂ። ደወል ደርሷል።»

ደወል አልደረሰም ነበር።

የማይመልሰውን ተመልክታችሁ ድረሱበት ተብለናልና በማግሥቱ ቀደም ብዬ መጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ አጠገብ፣ ከለስላሳ ሳጥኖቹ ኋላ ቆምኩ። በትምህርት ቤታችን በር የሚያልፈው ወደ ጅቡቲ የሚሄደው መንገድ ነው። ተሳቢዎቹ ሲያልፉ የሱቁ ጠርሙሶች ይንጫጫሉ።

ጋሽ ደበሌ ወጡ። ልጆች እኔ ባለሁበት በሱቁ በኩል መንገዱ ጠርዝ ላይ ተሰብስበዋል፤ ማንም አይገፋም፣ ማንም አይረብሽም። ከሩቅ ተሳቢ ታየ። ዱላው ያን ጊዜ መነቅነቅ ጀመረ። ልጆቹን አላዩም። የሚያዩት መኪናውን ነው። መኪናው በቀረበ ቁጥር ዱላው ይብሳል፤ ከዚያ እጃቸውም፣ ከዚያ የካፖርታቸው እጅጌም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በሚያነክሰው እግራቸው መንገዱ መሃል ገብተው ቆሙ። ተሳቢው እየተነፈሰ ቆመ። የፊቱ ብረት ከእሳቸው ቁመት ይበልጣል።

«ኢጆሌ፣ እለፉ» ብለው ጮኹ። ልጆች ማለት ነው፤ እሱን ሁላችንም እናውቃለን። የማናውቀው ድምፁ ለምን እንደሚጮህ ነበር።

ሁሉም ካለፉ በኋላ መዳፋቸውን ካፖርታቸው ላይ ጠረጉት። ቀጣዩን መኪና ጠበቁ። እኛን ያስፈራሩበታል ያልነውን ዱላ የሚነቀንቀው የራሳቸው ፍርሃት ነበር። እኛን ፈርተው አልነበረም።

ከሳጥኖቹ ኋላ ስወጣ ጋሽ ደበሌን ወድጃቸዋለሁ። መከራዬም እዚያ ጀመረ።

«ቲቸር፣ ሰው መቀየር ይቻላል?» አልኩ።

«ምስክር አነሰሽ?»

«አላነሰኝም።»

«ታዲያ ምን ሆንሽ?»

ይሞታሉ ማለት አልቻልኩም፤ ብናገረው የሚፈጥን መሰለኝ። ቤት ስሄድ እማዬን፣ «ሰው በሕይወት እያለ ጀግና ቢባል ምን ይሆናል?» አልኳት። እሷ ደግሞ ምስር እየለቀመች፣ «ሰውን በፊቱ አታወድሺ፣ ጽጌ። ደግ አይደለም» አለችኝ። ከዚህ በላይ ምስክር አላስፈለገኝም።

ዓርብ ደረሰ። ለሊሴ ቆቃ ላይ ሊሰጥም የነበረ ልጅ ያወጣ ወንድሟን ይዛ መጣች። ወንድሟ እየሳቀ ቆሞ ሲጨበጨብለት በጣም አዘንኩለት። ሮቤል ብቻውን መጣ።

«ሰውህስ?» አሉት ቲቸር።

«እኔ ነኝ።»

«ምስክር?»

«ምን ላምጣ ቲቸር፣ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። ለሮቤል ብዙም አልሰጋሁም።

ጋሽ ደበሌ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ካፖርታቸው ታጥቧል። ጢማቸውን ተላጭተዋል፤ አገጫቸው ላይ ትንሽ ተቆርጠዋል። ዱላውን በሁለት ጉልበታቸው መሃል አቁመው ጠበቁኝ። እኔ ተነሳሁ። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ፣

«ጋሽ ደበሌ ጀግና አይደሉም» አልኩ።

የሳቀ ልጅ አልነበረም። ጋሽ ደበሌ አቀርቅረው የዱላቸውን ጫፍ አዩ። ከዚያ የበለጠ ነገር ልነግራችሁ አልችልም፤ ያን አንገት አሁንም አየዋለሁ።

ቲቸር ዘሃራ አልተቆጡም። በዚያው ቀስ ባለ ድምፃቸው፣ «ምስክር?» አሉ።

«ጦር ሜዳ አልቆሰሉም። ወጥ ቤት ነበሩ።»

«ሌላስ?»

«ይፈራሉ። መኪና ይፈራሉ። ተሳቢ ሲመጣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አይቻለሁ።»

«ጣትሽን እዚያ ላይ አቁሚ» አሉ። ወረቀት አልነበረም፤ እኔ ግን ጣቴን ዴስኩ ላይ አሳረፍኩ። «እጃቸው ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ምን አደረጉ?»

«መንገዱ መሃል ገቡ።»

«ቀጥሎስ?»

«መኪናው ቆመ። ልጆች ተሻገሩ።»

«ቀጥሎስ?»

«ሌላ መኪና መጣ።»

«ያን ጊዜስ እጃቸው?»

«ተንቀጠቀጠ።»

«እሳቸውስ?»

«እንደገና ገቡ።»

ሮቤል ከኋላ በዝግታ፣ «እኔን ትናንት አሻግረውኛል» አለ። ለሊሴም፣ «እኔንም» አለች። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ «እኔንም» አለ፤ ሦስተኛው ጥያቄ ማንም ሳይጠይቅ ተመለሰ። ቲቸር ወደ እኔ ዞረው፣ «እንግዲህ ጽጌ፣ ያነበብሽልን ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉኝ።

አለቀስኩ። «አሁን ይሞታሉ» አልኩ።

«ማን አለ?»

«የድልድዩ ጠባቂ ሞተ። እሳት ውስጥ የገባችው ሴትዮ ሞተች። ነርሱ ሞተ። ቤተ ክርስቲያንም ሁሉም ያርፋሉ።»

ቲቸር ዘሃራ የመጀመሪያው ዴስክ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። አስተማሪ ዴስክ ላይ ሲቀመጥ አይተን አናውቅም። ወደ ክፍሉ እያዩ፣ «ይህች ልጅ በደንብ ነው ያነበበችው» አሉ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። መርጬ ያመጣሁላችሁ የሞቱትን ብቻ ነው።»

ጋሽ ደበሌ ቀና አሉ። «ቆይ፤ ታዲያ እኔን የመረጥሽኝ እንድሞትልሽ ነው?»

«ዛሬ ነገ እሞታለሁ ስለሚሉ ነው። እማዬ ከምትሆን ብዬ...»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸው ላይ አድርገው ሳቁ። «እኔ እኮ እንዲያ የምለው እንድታዝኑልኝ ነው» አሉ። «የምሞትበትን ቀን ማ ነግሮኝ!»

በመስኮቱ የኒሙን ጥላ አዩና ተነሱ፤ የደወል ሰዓት ነበር። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሰኞ እንዳታረፍጂ። ዘጋብሻለሁ» አሉኝ። ቸርኬው ሲመታ ያን ቀን ጥርሴን አላመመኝም።

ግን አላመንኩም። ሦስት ሰው ሞቷል፤ እሳቸው ደግሞ ገና ዓርብ ነው የተመረመሩት። እሑድ ቅዳሴ ላይ ከእማዬ ነጠላ ሥር ሆኜ ተሳልኩ። ሰኞ ጋሽ ደበሌን ካየሁ ጧፍ አገባለሁ አልኩ። ሌላ የምሰጠው ነገር አላሰብኩም።

ሰኞ ሱቁ ሳይከፈት ደረስኩ። መንገዱ ባዶ ነው፤ በሩ ተዘግቷል። ነፋሱ ኒሙን ያንኮሻኩሸዋል። ቸርኬው ብቻውን ይወዛወዛል። ቆምኩ። ተሳቢዎች ሲያልፉ ጥግ እየያዝኩ ጠበቅሁ። መጨረሻ ላይ የበሩ ሰንሰለት ተንቃጨለና ጋሽ ደበሌ አንገታቸውን አወጡ።

«ምን ትሠሪያለሽ እዚያ? ገና ነው እኮ።»

«አሉ?»

«አለሁ። የት እሄዳለሁ?» ዱላቸውን ይዘው ወጡ። ከወዲያ ተሳቢ ይመጣ ነበር። እጃቸው እንደ ልማዱ ሆነ፤ አሁን እኔ እንዳየሁት ያውቃሉ፣ ግን አልደበቁትም። መሃል ገብተው ቆሙ። «ጽጌ፣ እለፊ» አሉ። ስሜን ሲጠሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነበር። አለፍኩ። እስከ ስምንተኛ ክፍል እንዲሁ አሻገሩኝ።

በዚያው ሳምንት ቲቸር ዘሃራ አዲስ ወረቀት አመጡ። ቀለሙ ገና እጅ ይይዛል። ጉድጓድ የገቡ ሰዎችን ያወጣ ሰው ታሪክ ነበር። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስንደርስ ጣቶች ሁሉ መስመሩ ላይ ናቸው። ቲቸር አቆሙ።

«ቲቸር፣ ይሞታል?» አለች ለሊሴ።

«አንብቢያ።»

ለሊሴ አነበበች። ሰውየው እግሩን ታጠበ፤ እራቱን በላ፤ ተኛ። ክፍሉ አጨበጨበ። ታሪኩን ቲቸር ማታ ማታ ቤታቸው ሆነው ራሳቸው እንደጻፉት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ቲቸር ዘሃራ በሃይማኖታቸው ይጸልያሉ፤ እኔም በሃይማኖቴ። በጸሎቴ ስማቸውን ሳልጠራ የቀረሁበት ቀን ጥቂት ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ጧፉን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ገባሁ። እማዬ እጄን አየች።

«ለማነው?»

«ለጋሽ ደበሌ። ዘበኛችን።»

«ውይ፣ ታመሙ?»

«አልታመሙም።»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆኑም፣ እማዬ። ለዚያ ነው።»

እማዬ ትንሽ አየችኝ። ከዚያ የራሷን ጧፍ ከእኔው ለኮሰች።